ቢሊ ፓይፐር ዶክተሯ ናት ብሎ ማን ነገራችሁ?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። በመዝናኛ ዓምዳችሁ ስለ ቢቢሲው ተከታታይ ድራማ ስለ «ዶክተር ሁ» ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ስለጻፋችሁ አመሰግናለሁ። የእግር ኳስ ዝውውር በሞላው ገጽ ላይ የእኛን ነገር ማየት ብርቅ ነው። ግን አንድ መስመር ላይ ስደርስ ጋዜጣውን አስቀመጥኩት። «16ኛዋ ዶክተር ቢሊ ፓይፐር ናት» ብላችሁ ስለ ተዋናይዋ ቁርጥ አድርጋችሁ ጻፋችሁ። ከየት አመጣችሁት?

እኔ ጎንደር፣ ማራኪ አካባቢ ፎቶ ኮፒና ጥረዛ ቤት አለኝ። ደንበኞቼ ባብዛኛው የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው። የመመረቂያ ጽሑፍ ሊያስጠርዙ መጥተው ወረፋ ሲጠብቁ ወሬ ይነሳል፤ ነገሩ የተጀመረው እንዲያ ነው። አሁን ቅዳሜ ከሰዓት ሱቄ የዶክተሩ ቤት ሆኗል። የነርሲንግ ተማሪ የሆነች ልጅ አለች። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው ጋሼ አሉ፤ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ ነው የሚመጡት። ከአዘዞ በባጃጅ የሚመጡ ሁለት ወንድማማቾችም አሉ። ቡና ይፈላል። መብራት ሲጠፋ ማሽኑ ስለሚቆም ክርክሩ ይብሳል።

ለማያውቀው አንባቢ ባጭሩ ልበል። ዶክተሩ ከሌላ ዓለም የመጣ፣ ታርዲስ በምትባል መንኮራኩር በዘመናት መካከል የሚመላለስ ሰው ነው። መንኮራኩሯ ከውጭ ስትታይ የድሮ የእንግሊዝ ፖሊስ የስልክ ሳጥን ትመስላለች። ሊሞት ሲል መልኩም ጠባዩም ይለወጣል፣ ሌላ ተዋናይ ይተካል። ይህ ዘዴ የመጣው በ1966 እ.ኤ.አ. (ዓ.ም. ካላልኩ የፈረንጆቹ ነው) የመጀመሪያው ተዋናይ ዊልያም ሃርትኔል ጤናው ሲታወክ ነው። ድራማው ከ1989 እስከ 2005 ተቋርጦ ነበር፤ በ1996 ከወጣው አንድ የቴሌቪዥን ፊልም በቀር።

ድራማው የተጀመረበት ቀን በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 13 ቀን 1956 ዓ.ም. ነው፤ ፕሬዚዳንት ኬኔዲ በተገደሉ ማግስት። በዚያ ዜና ምክንያት የመጀመሪያውን ክፍል በቅጡ ያላዩት ብዙ ስለነበሩ ቢቢሲ በሳምንቱ ደግሞ አሳየው። ጋሼ ይህን ሲሰሙ በጣታቸው ቆጠሩና «በኅዳር ሚካኤል ማግስት የተጀመረ ነገር እንዴት አድርጎ ያልቃል!» አሉ።

ወደ ጉዳዬ ልመለስ። ግንቦት 23 ቀን 2017 ዓ.ም. የታየውን የመጨረሻ ክፍል አይታችሁታል ብዬ ልገምት። ዶክተሩን የሚጫወተው ሹቲ ጋትዋ ነበር። የተወለደው ኪጋሊ ነው፤ በዘር ጭፍጨፋው ጊዜ ቤተሰቡ ሸሽቶ ስኮትላንድ ገባና እዚያ አደገ። ለነርሲንግ ተማሪዋ ከእሱ ሌላ ዶክተር የለም። በመጨረሻዋ ደቂቃ ሰውነቱ በብርሃን ተሞላ፣ ብርሃኑ ሲከስም የቢሊ ፓይፐር ፊት ብቅ አለ። ሰላምታ ሰጠች፣ አለቀ። ልጅቷ «እትዬ፣ መልሺው!» አለችኝ። መለስኩት። ደግመን ደጋግመን አየነው።

እዚህ ላይ ነው እናንተ የዘለላችሁት ነገር ያለው። አዲስ ተዋናይ ሲመጣ የስም ዝርዝሩ ላይ እገሌ ዶክተሩን ሆኖ ይተዋወቃል ተብሎ ይጻፋል። ቀድሞ ዶክተሯን የተጫወተችው ጆዲ ዊታከር ስትመጣም እንዲሁ ነው የተጻፈው። አሁን ግን ቢሊ ፓይፐርን እናስተዋውቃለን ብቻ ብሎ ያቆማል። ማንን ሆና? ዝም! ደግሞስ ምኗ ነው የሚተዋወቀው? በ2005 ድራማው ሲመለስ የዶክተሩን ጓደኛ ሮዝ ታይለርን ሆና የተጫወተችው እሷው አይደለችም እንዴ?

በዚህ ምክንያት ሱቄ ለሁለት ተከፈለ። ጎንደሬ አይደለን፣ የመጻሕፍት ትርጓሜ ጉባኤዎቻችን «ላይ ቤት» እና «ታች ቤት» እንደሚባሉት እኛም ስም አወጣን። ላይ ቤቶቹ «ዶክተሯ ናት፣ በቃ!» ይላሉ። ባዶ ወሬ እንዳይመስላችሁ፣ ማስረጃ አላቸው። ዴቪድ ቴናንት 10ኛው ዶክተር ነበር፣ በ2022 ያው ፊቱ 14ኛ ሆኖ ተመለሰ። ፒተር ካፓልዲ ደግሞ በ2008 የፖምፔይ ነዋሪ ሆኖ ታይቶ ነበር፤ በኋላ 12ኛው ዶክተር እሱ ሆነ። የታወቀ ፊት ተመልሶ መምጣቱ አዲስ አይደለም ነው የሚሉት።

እኔና ጋሼ ታች ቤት ነን። በ2013 በ50ኛው ዓመት ልዩ ዝግጅት ላይ ቢሊ ፓይፐር በሮዝ መልክ መጥታ ነበር፤ ግን ሮዝ አልነበረችም። የአንድ አስፈሪ ጦር መሣሪያ ኅሊና ነበረች። መሣሪያው የሰው መልክ ሲፈልግ የእሷን ተዋሰ። ስለዚህ መልኳን አይቶ «እሷ ናት» ማለት ከባድ ነው። ሌላም ተንኮል ሊኖር ይችላል። ጸሐፊው ራስል ቲ ዴቪስ ለዚህ አይታማም።

ቢቢሲ ራሱ እንኳ እንዴትና ለምን እንደተመለሰች ወደፊት ይታያል ብሎ ነው ያለፈው። በጥቅምት 2018 ዓ.ም. ደግሞ ከዲዝኒ ጋር የነበረው ሽርክና ማብቃቱን፣ ቀጣዩ ክፍል በዴቪስ ተጽፎ በ2026 የፈረንጆች ገና እንደሚወጣ አስታወቀ። ታዲያ ባለቤቱ ያልቆረጠውን እናንተ እንዴት ቆረጣችሁት? እኔ ሱቅ ውስጥ ሕግ አለ። ግምት ያለው ሰው «አንድም» ብሎ ይጀምራል። «አንድም ዶክተሯ ናት፣ አንድም ሮዝ ናት፣ አንድም ሌላ ፍጡር ናት።» ያለ «አንድም» የተናገረ ያንን ቀን የሁሉንም ቡና ይከፍላል። ታናሹ ወንድም ብዙ ጊዜ ከፍሏል። ዓምደኛችሁ ጎንደር ቢመጣ እሱም አይቀርለትም።

«ለአገራችን እንግዳ የሆነ ድራማ» ያላችሁትም ትንሽ ይታረም። ቢቢሲ ያንን የጥቁርና ነጭ ዘመን ፊልም ከሸጠላቸው አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት። ይህ ደግሞ ተራ ነገር አይደለም፤ ቢቢሲ የራሱን ካሴቶች አጥፍቶ ከ90 በላይ ክፍሎች ጠፍተዋል። በ2013 ዘጠኙ የተገኙት ናይጄሪያ ውስጥ፣ ጆስ ከተማ፣ የቴሌቪዥን ጣቢያ መጋዘን ውስጥ ነው። ወንድማማቾቹ ይህን ከሰሙ ወዲህ አሮጌ የፊልም ቆርቆሮ ባዩ ቁጥር ካልከፈትነው ይላሉ። ቅዳሜ ገበያ ላይ አንዱን ከፍተው ያገኙት ምስማር ነበር።

የመጨረሻ ልመናዬ ይቺ ናት። የፈረንጆቹ ገና ታኅሣሥ 16 ነው። ፊልሙ በዚያ ቀን እኛ እጅ አይገባም። ኢንተርኔቱ እንደምታውቁት ነው፤ አንድ ሰው ከአዲስ አበባ በፍላሽ ይዞልን እስኪመጣ መጠበቃችን አይቀርም። እባካችሁ ማን ሆና እንደመጣች እስከ እኛ ገና፣ እስከ ታኅሣሥ 29 አትጻፉ። ከጻፋችሁም ርእሱ ላይ አይሁን፤ ውስጥ ገጽ ላይ አድርጉት። ጋዜጣውን ለሱቁ የምገዛው እኔ ነኝ፣ ወረቀት መቁረጫም አለኝ። ያንን ገጽ ቆርጬ አውጥቼ ነው ለልጆቹ የምሰጣቸው።

ከአክብሮት ጋር፣
የፎቶ ኮፒ ቤቷ ባለቤት፣ ማራኪ፣ ጎንደር