ሃኒዬ፣ ታራንቱላ ልታሳድጊ ነው አሉ

ሃኒዬ እንዴት ነሽልኝ? እኔ ደህና ነኝ፣ እግዜር ይመስገን። ይሄን ሁሉ ጊዜ ተጠፋፍተን ወሬው ከየት ይጀመራል እያልኩ ሳስብ ነበር፣ ታራንቱላ፣ ያቺን ትልቅ ፀጉራም ሸረሪት፣ ልትገዢ እንደሆነ ስሰማ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም፣ ሌላው ወሬ ይደርሳል ዛሬ ስለሷ ብቻ ልጻፍልሽ።

መጀመሪያ ነገር በጣም ነው ደስ ያለኝ። አንቺ ድሮም አንድ ነገር ላይ አፍጥጠሽ መዋል የምትችዪ ልጅ ነሽ፣ ለሸረሪት ደግሞ እንደዛ አይነት ሰው ነው የሚያስፈልጋት። ግን አደራ፣ እጅሽ ላይ እያወጣሽ ልትይዣት ከሆነ የምትገዢያት ይቅርብሽ። ቪዲዮ ላይ ክንዳቸው ላይ ሲያስኬዷት ታያለሽ አይደል፣ እሷ ከዛ የምታገኘው አንዳች ነገር የለም፣ ደንግጣ ሮጣ ከወደቀች ደግሞ ሆዷ ስስ ስለሆነ ሊፈነዳ ይችላል፣ ከወገብ ከፍታ መውደቅ እንኳን ሊገድላት ይችላል። ለዛ ነው መሬት ላይ ለሚኖሩት ዝርያዎች ሳጥኑ ረጅም መሆን የሌለበት፣ አፈሩን ወፈር አድርገሽ ሙዪውና ወደ ክዳኑ ያለውን ክፍተት አሳጥሪው። መብራት ምናምን አትግዢ፣ አንቺ የሚመችሽ ሙቀት ለሷም ይበቃታል። ውሃ ግን በትንሽ ሰሃን ሁሌም ይኑራት።

የትኛዋን ልግዛ ካልሽኝ የሜክሲኮዋ ባለቀይ ጉልበት ለጀማሪ ጥሩ ናት፣ ረጋ ያለች ናት፣ እድገቷም ዝግ ያለ ነው። ሴቷ 20 ዓመትና ከዛም በላይ ትኖራለች እኮ፣ ወንዱ ግን ከጎለመሰ በኋላ ብዙም አይቆይም፣ ስለዚህ ስትወስኚ ይሄን አስቢበት። ከዱር እየተለቀመች ስትሸጥ ስለኖረች ከ1985 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ንግዷ ሳይተስ በሚባለው፣ የዱር እንስሳትና ዕፅዋትን ዓለም አቀፍ ንግድ በሚገዛው ስምምነት ቁጥጥር ስር ነው፣ አንቺም ሰው ቤት የተፈለፈለች መሆኗን ሳታረጋግጪ እንዳትገዢ። የእስያና የአፍሪካዎቹን ለጊዜው ተያቸው፣ ፈጣን ናቸው ንክሻቸውም ከባድ ነው። የአሜሪካዎቹ ብዙዎቹ ሲቆጡ በኋላ እግራቸው የሆዳቸውን ፀጉር እየፈገፈጉ ይበትኑታል፣ ቆዳ ላይ ያሳክካል፣ ዓይን ከገባ ግን ቀልድ አይደለም፣ ሳጥኑን ስታጸጂ ፊትሽን አታስጠጊ።

አሁን ወደምወደው ነገር ልምጣ፣ ቆዳ መቀየሯ። ለሳምንታት አንዳንዴም ለወራት ምግብ እምቢ ትልሻለች፣ አትደንግጪ። ከዛ አንድ ቀን ጀርባዋ ላይ ተንጋላ ታገኛታለሽ፣ ብዙ ሰው ሞተች ብሎ የሚያገላብጣት ወይ የሚጥላት ያኔ ነው፣ ይሄ ነገር ያናድደኛል። ሸረሪት እግሯን የምትዘረጋው በጡንቻ ሳይሆን በፈሳሽ ግፊት ነው፣ ስለዚህ ስትሞት ግፊቱ ይጠፋና እግሮቿ ከሆዷ ስር ተሰብስበው ይቀራሉ፣ ተንጋልላ ከሆነ ግን ስራ ላይ ናት ማለት ነው፣ ዝም ብለሽ ተያት። የኔዋን ሳመጣት አንድ እግር ጎድሏት ነበር። መጀመሪያ ድሯን ወፈር አድርጋ አነጠፈች፣ ተገለበጠች፣ ከዛ ለረጅም ሰዓት ምንም የለም፣ ከዛ እግሮቿ ያሉበት የፊተኛው አካሏ የጀርባ ቅርፊት ተሰነጠቀና እግሮቿን ከጓንት ጣት እንደሚወጣ ቀስ ቀስ እያለች አወጣቻቸው፣ የጎደለውም እግር አብሮ ብቅ አለ! ቀጠን ያለ ነው ግን እግር ነው። እንባዬ መጣ ብልሽ ታምኚኛለሽ? መንከሻ ጥርሶቿ ያኔ ነጭ ናቸው፣ ከዛ ይቀላሉ፣ ከዛ ይጠቁራሉ፣ እስኪጠቁሩ ድረስ እንዳትመግቢያት። በተለይ ሳጥኑ ውስጥ የተረፈ ፌንጣ ካለ አስቀድመሽ አውጪው፣ እሷ ገና ለስላሳ ሆና ሳለ እሱ ሊበላት ይችላል።

የጣለችውን ቆዳ ደግሞ እንዳትጥዪው። አንድ ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ያለበት ውሃ ውስጥ ዘፍዝፊውና ሲለሰልስ የሆዱን በኩል ቀስ ብለሽ ዘርጊው፣ ከውስጥ በኩል አራት ነጣ ያሉ የሳንባ ምልክቶች ይታዩሻል፣ ከፊተኞቹ ሁለቱ መሃል ኪስ የመሰለች ነገር ካለች ሴት ናት። እዛ ጋ አስጠግተሽ ፎቶ አንሺና ላኪልኝ፣ አብረን እናየዋለን። ቁጥሬ ያው የድሮው ነው፣ ሸረሪቷ እስክትመጣም አትጠብቂ፣ የትኛዋን እንዳሰብሽ ዛሬውኑ ጻፊልኝ።