ስለ ሴት አባሎቻችን

ሰላም ለሁላችሁም፣

ቅዳሜ የፕሮግራመሮች ግሩፓችን ሲገናኝ ያየሁት ነገር አላስችል ስላለኝ ነው የምጽፈው። አንዲት አባላችን ስለ ዳታቤዝ ኢንዴክስ (መረጃ ቶሎ ለማግኘት ስለሚረዳው ማውጫ) ጠየቀች። ገለጻ አቅራቢው መልሱን የሰጠው ግን አጠገቧ ለተቀመጠው ልጅ ነው፤ ጥያቄው የሱ እንዳልሆነ እያወቀ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እሱን እያየ አስረዳ፣ ልጁም ዝም ብሎ ራሱን ይነቀንቃል። እረፍት ላይ ቡና እንድትቀዳ የተጠየቀችውም እሷው ናት።

ልጅቷ የባክኤንድ፣ ማለትም ተጠቃሚው የማያየው የሶፍትዌሩ የውስጥ ክፍል፣ ባለሙያ ናት። "ዲዛይን ላይ ነሽ አይደል?" የሚላት ግን አንድ ሁለት ሰው አይደለም። ኮድ ስትለጥፍ ስለ ኮዱ ሳይሆን ስለ ፎቶዋ በውስጥ መስመር ይጻፍላታል። እባካችሁ "ቀልድ ነው እኮ" አትበሉኝ፣ በየሳምንቱ የሚደጋገም ቀልድ ሰው ያስለቅቃል።

ነገሩ የሴቶቹ ችሎታ ማነስ ነው የምትሉም አላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ አንድ ጥናት ፕሮግራመሮች ኮድ በሚጋሩበት ድረ ገጽ በጊትሃብ ላይ ሴቶች የሚልኩት የኮድ ለውጥ በጥቅሉ ከወንዶቹ በተሻለ ተቀባይነት እንደሚያገኝ አሳይቷል። ለፕሮጀክቱ አዲስ የሆነችው ሰው ሴት መሆኗ ከፕሮፋይሏ ሲታወቅ ግን ተቀባይነቱ ይወርዳል። (ከመጀመሪያዎቹ ኤሌክትሮኒክ ኮምፒውተሮች አንዱ የሆነውን ኢኒያክን እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ፕሮግራም ያደረጉት 6 ሰዎችም ሴቶች ነበሩ።)

ከአሁን በኋላ መልስ የሚሰጠው ለጠየቀው ሰው ነው። ቡናና ቃለ ጉባኤ በተራ ይሆናል፣ ወንድ ሴት የለም። እህቶቼ፣ በውስጥ መስመር የሚያስቸግራችሁ ካለ ስክሪንሾቱን ላኩልኝ። ስማችሁ አይነሳም፤ እሱ ግን ከግሩፑ ይወጣል።