ማሙሽ አፉን ፈታ

ውድ ጓደኛዬ፣

እንዴት ነሽ? እናታችንስ እንዴት ናቸው? ጉልበታቸው ተሻላቸው?

ይሄን ያህል ጊዜ ድምፄን ያጠፋሁት ረስቼሽ አይደለም። በደወልሽ ቁጥር “ማሙሽ ምን ምን ይላል?” ትዪኝ ነበር። የምመልስልሽ ሲጠፋኝ ስልክሽን መሸሽ ጀመርኩ። ይቅር በይኝ።

2 ዓመት ሲሞላው የሚናገረው “እማ” እና “ቡዋ” ብቻ ነበር። ሐኪም ቤት ወሰድነው። አንድ ባለሙያ “ሁለት ቋንቋ ተምታቶበት ነው፤ አማርኛውን ተዉት” አለን። አመንነው። አባቱ ማታ ከሥራ ገብቶ በእንግሊዝኛ ሊያጫውተው ይሞክራል፤ ሁለት ነገር ብሎ ወሬው ያልቅበታል። እኔም ያው ነኝ። ተረቱ፣ እሹሩሩው፣ ቁልምጫው ሁሉ ከቤታችን ጠፋ። ልጁ እንዲናገር ብለን እኛ ዝም አልን። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

እዚህ ሜሪላንድ ከ3 ዓመት በታች ያሉ ልጆችን በነጻ መርምሮ የሚረዳ ፕሮግራም አለ። መጀመሪያ ጆሮውን አስመረመርነው፤ ደህና ነው። ከዚያ ቤት ድረስ የምትመጣ የንግግር ባለሙያ ተመደበችልን። ገና ከመግባቷ “ልጅሽን የምታቆላምጪው በምን ቋንቋ ነው?” አለችኝ። በአማርኛ አልኳት። “እንግዲያው በሱ አውሪው። ሁለት ቋንቋ መስማት ልጅን ከንግግር አያዘገይም።” እዚያው አለቀስኩ።

“ይሄ ምንድን ነው? በል እስቲ!” እያልን ማፋጠጡን ተውን። ቲቪውን አጠፋን። ሽንኩርት ስከትፍ አጠገቤ አስቀምጬው የምሠራውን አወራለታለሁ። “ቡዋ” ሲል “ውሃ! ውሃ ትጠጣለህ?” እለዋለሁ። የከበደኝ መጠበቁ ነው። እኔ ደግሞ ዝምታ እንደማልችል ታውቂያለሽ። አንድ ነገር እለውና ዓይን ዓይኑን እያየሁ በልቤ እስከ 10 እቆጥራለሁ። ሰባት ስምንት ላይ ስደርስ ከንፈሩ መንቀሳቀስ ይጀምራል።

አሁን 2 ዓመት ከ8 ወሩ ነው። ባለፈው ሳምንት ከመኝታ ቤት “እማ፣ ና!” ብሎ ተጣራ። ሁሌም የሚሰማው “ና” ነውና እኔንም “ና” አለኝ። “እማ ነይ? መጣሁ!” እያልኩ ሮጥኩ።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። እናታችን “ተረት ተረት” ሲሉ ድምፃቸውን ቀድተሽ በቴሌግራም ላኪልኝ። እንዳሉ ግን አይቀጥሉ፣ ትንሽ ይጠብቁት። “የላም በለት” ብሎ ይመልስላቸዋል።

ናፍቀሽኛል።