አባታችንን አብራችሁን ለሸኛችሁ ሁሉ፦ የምስጋና መልእክት

ይድረስ ለጅማ ወዳጆቻችን፣ ለጎረቤቶቻችን፣ ለእድራችን አባላት፣ እንዲሁም በያላችሁበት ላላችሁ የአባታችን ተማሪዎች።

ቀብሩ ካለፈ ሰንበት ብሏል። እስካሁን ዝም ያልነው ማንን አስቀድመን ማንን እንደምናስከትል ቸግሮን ነው። አሁንም ቸግሮናል። የቀረ ካለ ይቅር በሉን።

ጎረቤቶቻችን፣ ለቅሶውን ከእጃችን ነጥቃችሁ የራሳችሁ አደረጋችሁት። ሳይነጋ ድንኳኑ ቆሞ፣ ወንበሩ ተደርድሮ ነበር። ሙስሊም እናቶቻችን የሥጋ ነገር ማንንም እንዳያስቸግር ብላችሁ ሽሮና አትክልት ሠርታችሁ መጣችሁ። ሁሉም ከአንድ ትሪ በላ። ቡናውማ አይነሳ፤ መቼም ጅማ ላይ ቡና ያነሰው ለቅሶ አይታይም። ሱቃችሁን ዘግታችሁ የመጣችሁ የሂርማታ ነጋዴዎች፣ በዚያ ዝናብ ሽማግሌዎችን ያመላለሳችሁ የባጃጅ ልጆች፣ ብድራችሁን ጌታ ይክፈል።

ሆስፒታል ያስታመማችሁልን ሐኪሞችና ነርሶችም እንዲሁ። አንዷ ነርስ ተረኛነቷን ጨርሳ እየተመለሰች መጽሐፍ ቅዱስ ታነብላቸው ነበር። ተሳስታ ስታነብ አባታችን ዓይናቸውን እንደጨፈኑ ያርሟታል። መምህር መቼ ይድናል!

አሁን ወደ ተማሪዎቻቸው ልምጣ።

ብዙዎቻችሁ «ጋሼ» የምትሏቸው አባታችን፣ ራሳቸው የተማሩት በደርግ ጊዜ ነው። ብዙ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ተዘግተው ነበር፤ ምእመኑ በየቤቱ ጥቂት ጥቂት እየሆነ ይሰበሰባል። ሰው ከጠየቀ «ቡና ተጠራርተን ነው» ይባላል። ቡናውም እውነት ይፈላል። በ1983 ዓ.ም. ደርግ ወድቆ በሩ ሲከፈት ሁሉም ወደ አዳራሽና ወደ ድምፅ ማጉያ ሮጠ። እሳቸው ግን የጓዳውን ልማድ አልተዉም። በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ከሚቀመጥ ሰው በላይ አላስተምርም አሉ፤ እንዳሉትም ኖሩ።

ጠረጴዛው ላይ የሚማሩትን ታውቁታላችሁ። ጳውሎስ ለጢሞቴዎስና ለቲቶ የጻፋቸው መልእክቶች አሉ። ከዚያ ደግሞ ቃለ ጉባኤ መያዝ፣ ሙዳየ ምጽዋት በሁለት ሰው ፊት ቆጥሮ በደረሰኝ ማስረከብ፣ የታመመ ሰው ቤት ሄዶ ቶሎ መነሳት። «ሂሳብ የማያውቅ ሰባኪ አታምጡብኝ» ይሉ ነበር። ስብከት ስትለማመዱ ሰዓታቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣሉ። ሲያልቅ አንድ ጥያቄ አለ፤ «ይሄንን ለእናትህ እንዴት ትነግራታለህ?» ብዙ ጎበዝ እዚያ ላይ ላቡ ጠብ ብሏል።

አንድ ታሪክ ይወዱ ነበር። በ1920 ዓ.ም. እነ ዶክተር ላምቢ የሚባሉ የውጭ አገር ሚሲዮናውያን ከአዲስ አበባ የተነሱት ጅማ ብለው ነው። መንገድ ላይ ሐሳባቸው ተለወጠና ሥራው በከምባታ፣ በወላይታና በሲዳማ ተጀመረ። «ለእኛ የተላከውን ወላይታ በላው» እያሉ ይስቃሉ። ከዚያ ኮስተር ይላሉ። በጣሊያን ወረራ ሚሲዮናውያኑ በ1929 ዓ.ም. ከወላይታ ሲወጡ የተጠመቁት ሃምሳ እንኳ አይሞሉም ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ሲመለሱ ግን ምእመናኑ በሺህ የሚቆጠሩ ሆነው አገኟቸው። መሪዎቹ የአገሬው ሰዎች ነበሩ። አባታችን ይህን የሚያወሩት ወጣቱን «ማን እስኪሞት ነው የምትጠብቀው?» ብለው ለማፋጠጥ ነው።

ለዚህ ነው የቀብሩን ስብከት ከተማሪዎቻቸው ሁሉ በዕድሜ ትንሹ ልጅ እንዲሰብክ በጽሑፍ አዘው የሄዱት። ለቅሶ ላይ «እነ እገሌ እያሉ?» የሚል ጉርምርምታ ሰምተናል፤ አንደብቅም። ነገር ግን እነዚያው ታላላቅ አገልጋዮች ወረቀቱን አንብባችሁ ልጁን ወደ መድረክ አወጣችሁት፤ እናንተ ከኋላ ቆማችሁ ጃንጥላ ያዛችሁለት። ከቀብሩ ሁሉ እኛን ቤተሰቡን ያጽናናን ይህ ነው። ዘንድሮ ፎቶው ፖስተር ላይ ካልወጣ የሚያኮርፍ አገልጋይ በበዛበት ጊዜ፣ እናንተ ዝቅ ብላችሁ አሳያችሁን። ልዩ ምስጋናችን ለእናንተ ነው። ልጁም በአጭሩ ጨረሰ፤ የጋሼ ሰዓት ጠረጴዛ ላይ ቢሆን እንኳ ፈተናውን ያልፍ ነበር።

ከጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመርቃችሁ በየክልሉ የተበተናችሁ፣ ኔትወርክ እየቆራረጠ ስልክ ስትደውሉ ያደራችሁ፣ ማልቀሳችሁን ሰምተናል። የእናታችን ስልክ አሁንም ክፍት ነው፤ ደውሉላት፤ ስለ እሳቸው ስታወራ ይቀላታል።

ጥቂት ነገር ቀርቷል። የማስተማሪያ ደብተሮቻቸው ቤት አሉ። ኮፒ ማድረግ የምትፈልጉ ኑ፤ ዋናው ግን ከቤት አይወጣም። ከእሳቸው መጽሐፍ የተዋሳችሁም እንድትመልሱ በትሕትና እንጠይቃለን፤ የተዋሾች ስም ዝርዝር ጽፈው ትተውልናል። ድንኳን ውስጥ የተረሱ ሁለት ፔርሙስና አንድ ትልቅ ጀበናም እኛ ጋ አሉ። ባለቤቶቹ መጥታችሁ ውሰዱ።

ጌታ ይባርካችሁ።

ቤተሰቡ፣ ጅማ