ከሻቲላ ለልጄ

ሚሚዬ፣ እንዴት ነሽልኝ? አያትሽን ጉልበቷን ተሻላት?

እዚህ ቤሩት ከምኖርበት የፍልስጤም ስደተኞች ካምፕ፣ ከሻቲላ፣ የላክሁልሽን ፎቶ አይተሽ «ሰዎቹ ለምን አገራቸው አይገቡም?» አልሽኝ። በስልክ የሚያልቅ ወሬ አይደለም።

ሻቲላ የተቋቋመው በፈረንጅ 1949 ነው። በ1948ቱ ጦርነት ከሰሜን ፍልስጤም ለተሰደዱ ሰዎች ነበር፤ ያኔ ድንኳን ነው። አሁን ድንኳን የለም። ቦታው ወደ ጎን መስፋት ስላልቻለ ወደ ላይ አደገ። ልጅ ሲያገባ ጣሪያው ላይ አንድ ፎቅ ይጨመራል። መተላለፊያው ፀሐይ አያይም። የመብራት ሽቦና የውሃ ቱቦ ከራሳችን በላይ ተጠላልፏል፤ ሰው በኤሌክትሪክ ተይዞ ይሞታል። የቧንቧው ውሃ ጨው ጨው ይላል። ቡና የማፈላው በገዛሁት ውሃ ነው። ፀጉሬንማ ተይው! ግን ከማዳም ቤት ለወጣች ሐበሻ ሌላ ሰፈር ኪራይ አይቀመስም።

ጎረቤቴን ሁሉም ሐጃ ነው የሚላት። የተወለደችው እዚሁ ነው። ከየት ነሽ ስትያት ግን «ከአምቃ» ትልሻለች። አምቃ ዛሬ እስራኤል ውስጥ ባለችው አካ ከተማ አጠገብ የነበረ መንደር ነው፤ ከ1948 በኋላ ፈርሷል። ድንበሩ ክፍት ቢሆን በመኪና የጥቂት ሰዓት መንገድ ነው። እስራኤል እንዲመለሱ አትፈቅድም። ሊባኖስ ደግሞ ዜግነት አትሰጣቸውም። በሐኪምነት፣ በጠበቃነት፣ በመሐንዲስነት መሥራት ተከልክለዋል። ከ2001 ወዲህ ቤት በስማቸው መግዛት አይችሉም። የሐጃ ልጅ ምህንድስና ተምሮ ግድግዳ ቀለም ይቀባል።

ስለ 1982 እሷን አልጠይቃትም። በእኛ 1975 ዓ.ም. መሆኑ ነው፤ እንቁጣጣሽ ባለፈ በአምስተኛው ቀን ማታ ፋላንጅ የሚባሉት የሊባኖስ ክርስቲያን ታጣቂዎች ገቡ። የእስራኤል ጦር ዙሪያውን ከቦ በሰማዩ ላይ መብራት ይተኩስላቸው ነበር። እስከ ሦስተኛው ቀን ጠዋት ሕፃን ሽማግሌ ሳይሉ ገደሉ። ስንት ሰው እንደሞተ ዛሬም ያከራክራል፤ አንዱ በመቶዎች፣ ሌላው በሺዎች ይቆጥራል። ከፈረንጅ 1985 ጀምሮ ደግሞ አማል የተባለው የሊባኖስ ቡድን ካምፑን ከበበው። መቃብር ሄዶ መቅበር ስላልተቻለ ሬሳው መስጊዱ ውስጥ ተቀበረ። ሰው ግን ተመልሶ ሠራው።

ሐጃ የምታዝነው ለእኔ ነው። «አገር እያለሽ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?» ትለኛለች። ያንቺው ጥያቄ ዞሮ እኔ ጋ መጣ። የትምህርት ቤት ክፍያሽን ነገርኳት። እሱንም ዛሬ ልኬዋለሁ፤ አክስትሽ እጅ ሲገባ ደውዪልኝ።

እናትሽ