ለማሽን ሲም አንድ ገጽ ይጻፍለት፦ ግልጽ ደብዳቤ ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን

ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ኦፕሬተሮች ለማሽን ሞደሞች የሚሆን የቴክኒክ መግለጫ እንዲያወጡ ስለመጠየቅ

ክቡራን የባለሥልጣኑ ኃላፊዎች፣

የባንክ ፖስ ማሽን፣ የመኪና ጂፒኤስ፣ የጉድጓድ ውኃ ፓምፕ መቆጣጠሪያ፣ የክትባት ማቀዝቀዣ ሙቀት መለኪያ፤ በየሆዳቸው ሲም የገባበት ሞደም (ከኔትወርክ ጋር የሚያገናኝ ክፍል) አለ። ሰው ስልኩ ኔትወርክ ሲያጣበት አጥፍቶ ያበራዋል፣ ወደ በረንዳ ይወጣል፣ ሲብስበትም 994 ይደውላል። ማሽን ግን ሠሪው አስቀድሞ ከጻፈለት ውጭ የሚያደርገው ነገር የለም። ሠሪው ደግሞ የኔትወርኩን ጠባይ ካላወቀ የሚጽፈው በግምት ነው።

እኛ እነዚህን መሣሪያዎች የምንተክል ባለሙያዎች የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው። ባለሥልጣኑ በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 በተሰጠው ሥልጣን፣ እያንዳንዱ ኦፕሬተር ማሽን በኔትወርኩ ላይ እንዴት እንደሚገናኝ የሚገልጽ አንድ ገጽ ለሕዝብ እንዲያወጣና ለውጥ ሲኖር እንዲያድስ ያዝልን። ገጹ ላይ ምን ይስፈር ለሚለው ምክንያቱን እያነሣን እንሄዳለን።

በባንድ፣ ማለትም ኔትወርኩ በሚሠራበት የሬዲዮ ሞገድ ክልል፣ እንጀምር። ክዌክቴል የተባለው ኩባንያ የሚሠራው ኢሲ25 የሞደም ሞጁል የአውሮፓውም የአሜሪካውም በመልክ አንድ ነው፤ የሚለየው መለያው ጫፍ ላይ ያለችው ፊደል ናት። «ኢ» የሚለው በኤልቲኢ (4ጂ) ባንድ 1፣ 3፣ 5፣ 7፣ 8 እና 20 ይሠራል፤ 4ጂ ሲጠፋም ወደ 2ጂ 900 እና 1800 ሜጋኸርትዝ ይወርዳል። «ኤ» የሚለው በኤልቲኢ ባንድ 2፣ 4 እና 12 ብቻ ነው፤ 2ጂ ጨርሶ የለውም፣ 3ጂውም እዚህ የተለመደውን 2100 ሜጋኸርትዝ አይዝም። በዋጋ ተታልሎ ሁለተኛውን ያስመጣ ሰው ሞደሙ ኔትወርክ ሲፈልግ ይከርምበታል። ኦፕሬተሮች በየትኛው ከተማ በየትኛው ባንድ እንደሚሠሩ ቢያሳውቁ ገዢው ከመክፈሉ በፊት ያጣራል። ባለሥልጣኑም ታይፕ አፕሩቫል (የመሣሪያ ዓይነት ማረጋገጫ ፈቃድ) ሲሰጥ የሞጁሉን ሙሉ መለያ እስከ መጨረሻዋ ፊደል ቢመዘግብ ብዙ ኪሳራ ይቀራል።

ጥፋቱን ሁሉ ኦፕሬተር ላይ መጫን ግን አግባብ አይደለም። ገበያው ውስጥ የሞላው ሲም800ኤል የተባለው የ2ጂ ሞጁል ከ3.4 እስከ 4.4 ቮልት ይፈልጋል፤ በ2ጂ ሲያስተላልፍ ለ577 ማይክሮሰከንድ እስከ 2 አምፒር ይስባል፣ ይህም በየ4.6 ሚሊሰከንዱ ይደጋገማል። በ500 ሚሊአምፒር ምንጭ ወይም በቀጭን ረጅም ሽቦ ካገናኙት ቮልቴጁ በዚያች ቅጽበት ይወርድና ሞደሙ ይጠፋል፤ ተነሥቶ ይመዘገባል፣ ማስተላለፍ ሲጀምር እንደገና ይጠፋል። ከሩቅ ለሚያየው ኔትወርክ የሚቆራረጥ ይመስላል። መድኃኒቱ አጭርና ወፍራም ሽቦ፣ 2 አምፒር የሚችል ምንጭና ከሞጁሉ እግር ሥር 1000 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ነው። ይህ የእኛ የተካዮቹ ሥራ ስለሆነ ገጹ ላይ መግባት አያስፈልገውም።

ሰው በከንቱ የሚደክመው ምዝገባው ላይ ነው። ሞደሙ ሁኔታውን ሲጠየቅ በቁጥር ይመልሳል፦ 0 አልተመዘገበም፣ እየፈለገም አይደለም፤ 1 በራሱ ኔትወርክ ተመዝግቧል፤ 2 እየፈለገ ነው፤ 3 ተከልክሏል፤ 5 በሮሚንግ ተመዝግቧል። መልሱ 2 ከሆነ አንቴናውና ባንዱ ይታያሉ። የሲግናል ጥንካሬን የሚጠይቀው የሲኤስኪው ትእዛዝ ከ0 እስከ 31 የሚሰጠው ቁጥር በ2 ተባዝቶ 113 ሲቀነስለት የሲግናሉ መጠን በዲቢኤም (በሲግናል መለኪያ አሃድ) ይገኛል፤ 12 ቢል ኔጌቲቭ 89 ነው። 99 ካለ ግን ሞደሙ መለካት አልቻለም፤ «99 ከመቶ» ብሎ የሚደሰት አይጠፋም። መልሱ 3 ከሆነ ሞደሙ ከኔትወርኩ ጋር ተነጋግሮ «አይፈቀድልህም» ተብሏል። እዚህ ላይ አንቴና ማስረዘም ፋይዳ የለውም፤ መጠየቅ ያለበት የክልከላው ምክንያት ነው።

ዋነኛው ምክንያት ብዙ ጊዜ ኤፒኤን፣ ማለትም ሞደሙ ወደ ዳታ የሚገባበት በር ስም፣ ነው። በ2ጂና በ3ጂ ኤፒኤኑ የተሳሳተ ሞደም ይመዘገባል፤ የሚከለከለው ዳታ ልክፈት ሲል ነው። በ4ጂ ግን ምዝገባውና የመጀመሪያው የዳታ መስመር አብረው ስለሚሄዱ፣ ኔትወርኩ በራሱ ነባሪ ኤፒኤን ካልተካው በቀር ምዝገባው ራሱ በምክንያት ቁጥር 19 ይወድቃል። ከ19ኙ ጋር የሚመጣው ዝርዝር ምክንያት 27 ካለ የኤፒኤኑ ስም አይታወቅም ማለት ነው፤ 33 ካለ ስሙ ትክክል ሆኖ ሲሙ አልተፈቀደለትም። ያው ሲም ስልክ ውስጥ ሲገባ ይሠራል፤ ስልኩ ትክክለኛውን ኤፒኤን ከራሱ ማኅደር ያወጣልና። ስለዚህ ደንበኛ አገልግሎት «ሲሙ ደህና ነው» ሲል አልዋሸም፤ ተካዩም «አይሠራም» ሲል አልዋሸም። የኤፒኤኑን ስም፣ የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ያስፈልገው እንደሆነ፣ ማሽን ሲም ለየትኛው ኤፒኤን እንደተፈቀደ በገጹ ላይ ማስፈር ይህን ጭቅጭቅ ያስቀረዋል። ዛሬ እነዚህ መረጃዎች ከተካይ ወደ ተካይ በአፍ ነው የሚተላለፉት።

ገጹ ላይ መስፈር ያለበት ሌላው ጉዳይ ዝም ያለ ግንኙነት ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ ነው። ተራ ሲም የሚያገኘው አይፒ ከብዙ ሰው ጋር የሚጋራው ስለሆነ ከውጭ ወደ ማሽኑ መግባት አይቻልም፤ ማሽኑ ራሱ ሰርቨሩ ጋ ደውሎ መስመሩን ክፍት ይይዛል። መስመሩ ላይ ለተወሰነ ጊዜ ምንም ካላለፈ የኦፕሬተሩ መሣሪያ መዝገቡን ያለ ማስታወቂያ ይሰርዘዋል። ማሽኑ ተገናኝቻለሁ ይላል፣ ሰርቨሩም እንደዚያው፤ «ፓምፑን አጥፋ» የሚለው ትእዛዝ ግን አይደርስም። አርኤፍሲ 5382 በተባለው የኢንተርኔት አሠራር ሰነድ መሠረት ቲሲፒ ለተባለው የመረጃ ማስተላለፊያ ዘዴ ይህ ጊዜ ከ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ማነስ የለበትም፤ በአርኤፍሲ 4787 ደግሞ ዩዲፒ ለተባለው ሌላ ዘዴ ከ2 ደቂቃ። ቁጥሩን የማያውቅ ፕሮግራመር ፈርቶ በየደቂቃው «አለሁ» የሚል መልእክት ያስልካል። ማሽኖች መልእክት በሚለዋወጡበት በኤምኪውቲቲ አንዱ ልውውጥ ያለ ማመስጠሪያ ወደ 124 ባይት ነው፤ በየደቂቃው ከሆነ በወር 5.4 ሜጋባይት፣ በየ20 ደቂቃው ከሆነ 0.27 ሜጋባይት ይሆናል። በአንድ ሺህ ማሽን ሲባዛ 5.4 ጊጋባይትና 0.27 ጊጋባይት። ልዩነቱ ምንም ሥራ ያልሠራ ትራፊክ ነው፤ ደንበኛው ይከፍልበታል፣ የኔትወርክ ጣቢያውም ይጨናነቅበታል። ሊጻፍ የሚገባው አንድ ቁጥር ብቻ ነው። በግል ኤፒኤን ቋሚ አይፒ ማግኘት የሚፈልግም አሠራሩንና ዋጋውን እዚያው ያንብብ።

ስለ ሲሙ ዕድሜ ገጹ ላይ ሁለት መስመር ይበቃል፦ ደውሎ የማያውቅ ሲም ከስንት ቀን በኋላ እንደሚዘጋ፣ ቁጥሩስ ለሌላ ሰው መቼ እንደሚሰጥ። በኤስኤምኤስ ትእዛዝ የሚቀበሉ ጂፒኤሶች አዛዡን የሚያውቁት በስልክ ቁጥሩ ነው፤ የተዘጋው የአዛዡ ቁጥር ከሆነ አዲሱ ባለቤት ሳያስበው የሰው መኪና አዛዥ ይሆናል። ማሽን ሲም በድርጅት ስም ተመዝግቦ፣ ድምፅ ተዘግቶለት፣ በመሣሪያው አይኤምኢአይ (መለያ ቁጥር) ቢታሰር ተነቅሎ ስልክ ውስጥ መግባቱም ይቀራል።

የ2ጂና የ3ጂ መዝጊያ ቀንስ? በአሜሪካ ኤቲኤንድቲ 2ጂን በ2016 መጨረሻ (በአውሮፓ አቆጣጠር)፣ 3ጂን በየካቲት 2022 ዘጋ፤ በአውስትራሊያም ቴልስትራ 3ጂን በጥቅምት 2024 ዘግቷል። እዚህ መቼ እንደሚሆን ለመተንበይ አንሞክርም። ነገር ግን የተተከለ ቆጣሪ አሥር ዓመት ይሠራል ተብሎ ነው የሚገዛው፤ ስለዚህ ኦፕሬተር ቢያንስ ከሦስት ዓመት በፊት በጽሑፍ ሳያሳውቅ አንድም ቴክኖሎጂ እንዳይዘጋ መመሪያ ቢወጣ መልካም ነው።

እኛም በበኩላችን ግዴታ ይጣልብን። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ የአንድ ከተማ ማሽን ሁሉ በአንድ ሰከንድ ልመዝገብ ይላል፤ ጣቢያው ሲከለክላቸው ያለ ዕረፍት ደጋግመው ያንኳኳሉ። እያንዳንዱ ማሽን ከ0 እስከ 10 ደቂቃ በዕጣ ጠብቆ እንዲጀምር፣ ሲከለከልም የመጠበቂያ ጊዜውን ከ1 ደቂቃ ወደ 2፣ ወደ 4 እያጠፈ እስከ አንድ ሰዓት እንዲያደርስ ይገደድ። የዓለም ኦፕሬተሮች ማኅበር ጂኤስኤምኤ በቲኤስ.34 ሰነዱ ስለ ማሽኖች ጠባይ መመሪያ አውጥቷል፤ ለታይፕ አፕሩቫል መስፈርት መነሻ ሊሆን ይችላል።

የገጹን ረቂቅ ቅጽ አዘጋጅተን ለማቅረብና ከኦፕሬተሮች መሐንዲሶች ጋር ቁጭ ብለን መስመር በመስመር ለማየት ዝግጁ ነን።

ከሰላምታ ጋር
የሞደምና የርቀት መቆጣጠሪያ መሣሪያ ተካዮች

ግልባጭ፦
ለኢትዮ ቴሌኮም
ለሳፋሪኮም ኢትዮጵያ
አዲስ አበባ