ባነሩ ቀድሞ፣ መመሪያው ዘግይቶ

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

ባሕር ዳር በምረቃ ሰሞን ደስ ትላለች። ጣና ዳር ጋዋን ለብሶ ፎቶ የሚነሳው፣ አበባ አቅፈው የመጡት እናት፣ የባጃጁ ግርግር። ለበዓሉ ወጪ መውጣቱን አልቃወምም፤ ወላጅ ስንት ዓመት የጠበቀው ቀን ነው።

የሚያናድደኝ ሌላ ነው። የምሠራበት የዩኒቨርሲቲ ግቢ የምረቃ ባነሩን ቀደም ብሎ ይሰቅላል፣ የሠራተኛ መመሪያ ሲቀየር ግን የምንሰማው ሻይ ቤት ነው፣ ያውም ሥራ ላይ ከዋለ በኋላ። ሰሞኑን የደረጃ ዕድገት መስፈርት ተሻሻለ ተባለና አንዱ ባልደረባችን በቴሌግራም ፎቶ ላከልን፤ የመጣው ግን ሦስተኛው ገጽ ብቻ! ስብሰባ የሚጠራውም ያለቀ ነገር ለማስጨብጨብ ነው።

የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 ዩኒቨርሲቲን በበላይነት የሚመራ ቦርድና የትምህርት ጉዳዮችን የሚወስን ሴኔት እንዲኖሩ የደነገገው ለጌጥ አይመስለኝም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ሆኗል፣ ሌሎቹም በየተራ ይከተላሉ ተብሏል። ሥልጣኑ ወደ ግቢ ሲገባ ውሳኔው ከተደበቀ ማን ይጠየቃል?

ስለዚህ ረቂቅ መመሪያ ከመጽደቁ በፊት ይሰጠን፣ አስተያየት የምንጽፍበት ጊዜም ይኑረን። ከሴኔት ስብሰባ በኋላ ደግሞ የተወሰነው ነገር በአንድ ገጽ ተጽፎ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ይለጠፍ። ከባነሩ ጎን ቦታ አይጠፋም።

አንድ መምህር፣ ከባሕር ዳር